ያውቁ ኖሯል? አገር ሙሉ ቤት በብርሃን ሲለካ

በኔዘርላንድስ 10 ሚሊዮን ያህል ሕንጻዎች፣ ከካቴድራሉ እስከ ጓሮ መጋዘኑ፣ በኮምፒውተር ውስጥ ባለ ሦስት አውታር አምሳያ አላቸው። በዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተዘጋጀውን ይህን ሀብት ማንም ሰው በነፃ ማውረድ ይችላል።

አምሳያዎቹን አንድ በአንድ የሣላቸው ሰው የለም። በአውሮፕላን የተገጠመ መሣሪያ የሌዘር ጨረር ወደ መሬት ይለቅና ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ርቀቱ ከዚያ ይሰላል። እያንዳንዱ ምላሽ አንድ ነጥብ ነው፤ ነጥቦቹ ተጠራቅመው «የነጥብ ደመና» ይሆናሉ።

ዋናው ጥበብ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ነጥብ ብቻውን ቅጠል ይሁን ጣሪያ አይናገርም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከሕንጻዎች መዝገብ የቤቱን ወሰን ይወስዳል፤ በውስጡ ካረፉት ነጥቦች ዝርግ ገጾችን ይፈልጋል፤ ሁለት ገጾች የሚገናኙበትን መስመርም የጣሪያው አናት ያደርገዋል። መስታወት ግን ያስቸግራል፤ ጨረሩ አልፎት ስለሚሄድ ደመናው ላይ ክፍተት ይቀራል።

ደቾች ከፍታን እንዲህ አጥብቀው የሚለኩት ሩብ ያህሉ መሬታቸው ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ነው። አምሳያው ዛሬ የመኪና ጩኸት በየሰፈሩ እንዴት እንደሚሰራጭ ለማስላትም ያገለግላል።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ተለክተዋል። እዚያ የአውሮፕላን ቅኝት ብቻውን አይበቃም፤ ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ታች የተፈለፈለ ነውና ግድግዳውን፣ መስኮቱንና ውስጡን ለማግኘት መሣሪያውን ጉድጓዱ ውስጥ መትከል ያስፈልጋል።