የግንባታ ማሽንና አፈር፦ በሲሙሌሽን ውጤት ላይ ምን ያህል እንተማመን?

የዛሬው ገለጻዬ የሚያተኩረው ኤክስካቫተር፣ ዶዘርና ሎደር ከአፈር ጋር ሲገናኙ የሚሆነውን በፊዚክስ ሶፍትዌር አስልቶ ማሳየት በሚቻልበት መንገድ ላይ ነው።

የማሽኑ ክፍል በአንጻራዊነት ቀላል ነው። ኤክስካቫተርን ቅርጻቸው የማይለወጥ አካላት በመጋጠሚያና በሃይድሮሊክ ሲሊንደር የተያያዙበት ሥርዓት አድርገን ብንወስደው፣ የኒውተን ሕጎች እንቅስቃሴውን በሚገባ ይገልጹታል። ክብደቱና ልኬቱም በአምራቹ ሰነድ ላይ ይገኛል። ለአፈር ግን እንዲህ ያለ ሰነድ የለውም። ተከምሮ ሲቆም ጠጣር ይመስላል፤ ከባኬት ሲወርድ እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ውኃ ሲያገኘው ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል። የአገራችን መረሬ አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ይላቁጣል፣ ከሰንሰለትና ከጎማም ጋር ይጣበቃል።

ይህን ጠባይ ለመወከል ከሚያገለግሉት መንገዶች ሁለቱን ላንሳ። የመጀመሪያው አፈሩን ቅንጣት በቅንጣት ማስላት ነው። ፒተር ከንዳልና ኦቶ ስትራክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት እንዳቀረቡት፣ ቅንጣቶች ሲነካኩ የሚፈጠረው የመገፋፋትና የሰበቃ ኃይል በየቅጽበቱ ይሰላል። ዘዴው ቁፋሮንና የአፈር መፍሰስን በሚገባ ያሳያል፤ ስሌቱ ግን እጅግ ብዙ ነው። 1 ሜትር ኩብ የሚይዝ ባኬት ዲያሜትራቸው 1 ሚሊ ሜትር በሆኑ ቅንጣቶች ቢሞላ፣ ቁጥራቸው ወደ 1 ቢሊዮን ይደርሳል። ስለዚህ በተግባር ከእውነተኛዎቹ የገዘፉ ቅንጣቶችን በምትክነት እንጠቀማለን።

ሁለተኛው መንገድ ግፊትን ከመስመጥ ጥልቀት ጋር በቀመር ማዛመድ ነው። የዚህ ቀመር ባለቤት በጨረቃ ተሽከርካሪ ንድፍ ሥራ የተሳተፈው ትውልደ ፖላንዳዊው መሐንዲስ ሚየቺስዋፍ ቤከር ነው። ምሳሌ እንውሰድ። የ20 ቶን ማሽን ሰንሰለቶች በ4 ካሬ ሜትር መሬት ላይ ቢያርፉ፣ አማካይ ግፊቱ 49 ኪሎ ፓስካል ያህል ይሆናል። ይህ ቁጥር በበጋም በክረምትም አንድ ነው፤ የሚለያየው ማሽኑ የሚሰምጥበት ጥልቀት ነው። ጥልቀቱን የሚወስኑት የአፈሩ መለኪያዎች የሚገኙት የተለያየ ስፋት ያላቸውን ዝርግ ብረቶች መሬቱ ላይ በመጫን ነው። ዘዴው ፈጣን በመሆኑ ለማሽኑ ጉዞ ይስማማል፤ ባኬት አፈር ሲዝቅ ለማሳየት ግን አይበቃም።

ተማሪዎቼን ደጋግሜ የማሳስበው፣ በስክሪን ላይ አምሮ የሚታይ ቁፋሮ በራሱ ማስረጃ አለመሆኑን ነው። ብዙዎች በሶፍትዌር የተሠራውን የአፈር ክምር ተዳፋት ከእውነተኛው ክምር ጋር አስተያይተው ይረካሉ። ሆኖም የቅንጣቶቹን የመንሸራተት ሰበቃ ቀንሰን የመንከባለል ተቃውሟቸውን ብንጨምር፣ ያንኑ ተዳፋት ልናገኝ እንችላለን፤ የቁፋሮው ኃይል ግን ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ማሽኑ ሲቆፍር በሃይድሮሊክ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚለካው ግፊት ሶፍትዌሩ ካሰላው ጋር ይነጻጸር።

በበጋ በተለካ አፈር የተሠራ ሲሙሌሽን ስለ ክረምት ቢጠየቅም ቁጥር መስጠቱ አይቀርም። ያንን ቁጥር አምኖ ወደ ጭቃው የሚገባው ግን ኦፕሬተሩ ነው። እንግዲህ በጥናታችሁ ላይ ውጤቱን ስታቀርቡ፣ አፈሩ የት፣ መቼና በምን ያህል እርጥበት እንደተለካ አብራችሁ ጻፉ።