ለቀብር የተገኘው ገንዘብ ለታክሲ ለምን ጠፋ?



ባለፈው ዓመት እዚሁ ሼክ ኑር ከመካከላችን አንድ ወጣት አጥተናል። ቤተሰቡ አብሮን ስለሚኖር ስሙን አንጽፍም። ራሱን በራሱ እንዳጠፋ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ነገሩን በሹክሹክታ ስናወራው ከረምን፤ ሹክሹክታው ማንንም አልጠቀመም። ስለዚህ ዛሬ በግልጽ እንነጋገርበት ብለን ተነስተናል።

ያን ሌሊት እናስታውስ። ወሬው እንደተሰማ የዕድራችን ደብተር ወጣ። ያለው ሰጠ፣ የሌለው ተበድሮ ሰጠ፣ ስልክ ያለው በዛድ ላከ። ሳይነጋ ለቀብሩም ለለቅሶ ቤቱም የሚበቃ ገንዘብ ተሟላ። እናቶች ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ ሲያመላልሱ ሰነበቱ። እውነቱን ለመናገር ሕዝባችን በዚህ አይታማም።

በሦስተኛው ቀን እናቱ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ እንቅልፍ ካጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ሆስፒታል ልወስደው ፈልጌ የታክሲና የመድኃኒት አጣሁ። ሰው ለመጠየቅም አፈርኩ።»

ለቅሶ ቤቱ ጸጥ አለ። ለአንድ ሰው ሞት አንድ ምክንያት ብቻ አይሰጥም፤ ታክሲ ቢገኝ ኖሮ ይተርፍ ነበር ብለን ማንም ላይ አንፈርድም። ነገር ግን ለቀብሩ በአንድ ሌሊት የሞላው ገንዘብ ለታክሲ ሁለት ወር ሙሉ አለመገኘቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። በአማርኛችን «መጠየቅ» ሁለት ነገር ነው፤ የቸገረን መለመንም፣ የታመመን ሄዶ ማየትም ነው። እናቲቱ አፍረው አልጠየቁንም። እኛስ ምን ሆነን አልጠየቅናቸውም?

ሐሳብ ሲበዛ

በስደት ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ ብዙ ነው። ከአገር የወጣበት ነገር አለ፣ በመንገድ የደረሰበት አለ፣ እዚህ ደግሞ የቤት ኪራይና የውኃ ዕዳ አለ። «ፕሮሰስ» ብሎ ዓመታት የሚጠብቅ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ ጦርነትና ግጭት ባለፈባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉና ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት በሆኑ ወጣቶች ዘንድ ይህ ከዋና ዋና የሞት ምክንያቶች አንዱ እንደሆነም ይኸው ድርጅት ይገልጻል። እንግዲህ በእኛ ላይ የደረሰው የእኛ ብቻ አይደለም፤ የማንም ቤተሰብ ነውርም አይደለም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም አሉ። አንዲት ወጣት ታካሚያቸው ራሷን አጠፋች። ወደ ሆስፒታል ያልመጣችው ለአውቶቡስ የሚሆን 15 ዶላር ስላልነበራት መሆኑን ከእናቷ ሰሙ። የእኛን ታሪክ አይመስልም? ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ሰው ወደ ሆስፒታል እስኪመጣ መጠበቅ በቂ እንዳልሆነ አመኑ። እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ 14 አያቶችን አሰልጥነው ሥራ ጀመሩ። አያቶቹ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የመጣውን ያዳምጣሉ፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለትም ያግዙታል። የአገሬው ሰው በሾና ቋንቋ ሕመሙን የሚጠራው «ሐሳብ ማብዛት» ብሎ ነው፤ አያቶቹም በዚሁ ቃል ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 በ573 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የቀረባቸው አያቶቹ ካዳመጧቸው ሰዎች ከመቶ 14 ያህሉ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህሉ ነበሩ።

በስደተኞችም ዘንድ ተሞክሯል። በሰሜን ኡጋንዳ ራይኖ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር የደቡብ ሱዳን እናቶች በቡድን እየተሰበሰቡ ጭንቀትን ስለመቋቋም በድምፅ የተቀዳ ትምህርት አዳመጡ። ያስተባበሯቸው ሐኪሞች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ተራ ሰዎች ናቸው። ትምህርቱ አምስት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላም ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኘ።

ወደ ቅርባችን ስንመለስ፣ ጋቮ የሚባለው የሶማሌላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በበርበራ ወጣቶች የተመሠረተ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በከተማው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነበሩትን በመርዳት ነው። በአገራችንም አቶ ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ፣ ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን አንስቶ የሚያኖረው በአብዛኛው ሕዝብ ከኪሱ በሚያዋጣው ነው።

የዕድራችን ክርክር

ይህን ይዘን ባለፈው የዕድር ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀረብን፤ ከመዋጮው ጥቂት ተቀንሶ ለታመመ ሰው መጓጓዣና መድኃኒት ይሁን አልን። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። አንድ አባት «የዕድር ገንዘብ የሞት ገንዘብ ነው፤ ከተነካ ነገ አስከሬን ይዘን እንቆማለን» አሉ። ስጋታቸው እውነት ስለሆነ አልናቅነውም። ሌላዋ እናት ደግሞ «ገንዘቡን ለአስከሬን ብቻ ካስቀመጥነው አስከሬን እየጠበቅን ነው ማለት ነው» ብለው መለሱ። በመጨረሻ የቀብሩ ገንዘብ ሳይነካ፣ በደብተሩ ላይ ሌላ ገጽ ተከፍቶ በፈቃደኝነት የሚዋጣ እንዲሆንና ለሦስት ወር እንዲሞከር ተስማማን። ከገንዘቡም በላይ፣ ሶማሊኛ የሚችሉ ሁለት ወጣቶች ከታማሚው ጋር ሄደው ለማስተርጐም ቃል ገብተዋል። በሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ግን ሕመሙን መናገር ያልቻለ ሰው ሐኪም ፊት ቢቀርብም ምን ይነግረዋል?

እያንዳንዳችን ምን እናድርግ?

ሰው «ለእናንተ ሸክም ሆንኩ» ወይም «ባልኖር ይሻላል» ሲል፣ እንቅልፍና ምግብ ሲያጣ፣ ከሰው ሲሸሽ፣ የሚወደውን ዕቃ ሲያከፋፍል ወይም ጫት ሲያበዛ ዝም ብለን አንለፍ። ጫት ሐሳብን ለጊዜው ቢያስረሳም እንቅልፍ ይነሳል፤ የታመመን አእምሮም ያባብሳል።

ቀረብ ብለን በግልጽ እንጠይቀው፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። «አዎ» ካለ አንቆጣ፣ አንስበክ፣ «ለማንም አልናገርም» ብለንም አንማልለት። ብቻውን አንተወው፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ እናርቅ፣ የሚያምነውን ሰው ጠርተን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንውሰደው። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ግን አይቋረጥ።

እኛ መምህራንም ድርሻ አለን። ደብተሩን ያልያዘ ተማሪ ሲመጣ «ለምን አልያዝክም?» ብለን ከመቆጣታችን በፊት «ቤት ሁሉ ሰላም ነው?» ማለትን ለመልመድ ተነጋግረናል።

አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። እንዳይሸሽግ ግን የሚሰማው ጎረቤት ያስፈልገዋል። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ሰሞኑን ከቤቱ ያልወጣ ማን እንደሆነ እስቲ እናስብ፤ አንድ ስኒ ይዘንለትም እንሂድ። አዲሱ የዕድር ገጽ በጸሐፊው እጅ ነው፤ ማዋጣት የሚፈልግ ይመዝገብ። የቸገረውም ሳያፍር ይምጣ፤ ስሙ በስብሰባ ላይ አይነሳም።