የሳይንሳዊ ኅትመት የአርትዖት ጥራት መዳከምና የትምህርት ባለሙያው ድርሻ

የአቃቂ ወንዝ ከአዲስ አበባ የሚወርደውን ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ተሸክሞ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል። በዳርቻውም ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ በመስኖ ይለማሉ። በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ ስለሚገኘው የእርሳስና የካድሚየም መጠን በልዩ ልዩ ጊዜ ጥናቶች ታትመዋል። ለአካባቢው የኬሚስትሪ መምህር እንዲህ ያለው ጥናት ከማናቸውም የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ይልቅ ለተማሪው ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ በሰንጠረዡ ውስጥ ሚሊግራም መባል የሚገባው ማይክሮግራም ተብሎ ቢታተም፣ መጠኑ በአንድ ሺህ እጅ አንሶ አደገኛው ጎመን ንጹሕ መስሎ ይታያል። ይህን የመሰለውን ስሕተት ከኅትመት በፊት መያዝ የገምጋሚውና የአርታዒው ተግባር ነው። ይህ ተግባር ግን በዓለም ዙሪያ እየተዳከመ መጥቷል።

የመዳከሙ ምክንያት

ቀደም ሲል የሳይንሳዊ መጽሔት ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከአንባቢና ከቤተ መጻሕፍት በሚሰበሰብ ክፍያ ነበር። ዛሬ በብዙ መጽሔቶች ዘንድ ከፋዩ ራሱ ደራሲው ነው። ይህ አሠራር ጽሑፉን ማንም ያለ ክፍያ እንዲያነበው አስችሏል። ነገር ግን አሳታሚው ገቢ የሚያገኘው ጽሑፍ በተቀበለ ቁጥር በመሆኑ፣ ፈጥኖ መቀበል ትርፍ፣ መርምሮ መመለስ ደግሞ ኪሳራ ይሆናል።

ውጤቱም በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን ሆን ብሎ በስሕተት የሞላውን የመድኃኒት ጥናት ለ304 መጽሔቶች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ዊሊ የተባለው አሳታሚ ሂንዳዊን በ298 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በኋላም የግምገማው ሥርዓት በሐሰተኛ ጽሑፍ ነጋዴዎች መደፈሩ ስለ ታወቀ፣ በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ የሂንዳዊ ጽሑፎች ተሰርዘዋል።

መሣሪያ በሰው ቦታ ሲተካም ጉድለቱ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪዎች እንዳመለከቱት፣ የሌላውን ጽሑፍ ሰርቀው በመሣሪያ ቃላቱን የሚለውጡ ሰዎች «የጡት ካንሰር» የሚለውን «የደረት አደጋ» በሚል ዓይነት አባባል ተክተው አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ አንድ መጽሔት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሣለ፣ አካሉ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ የአይጥ ሥዕል አትሞ በቀናት ውስጥ ሰርዞታል። አንድ ጠንቃቃ አርታዒ አንብቦት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባላለፉ ነበር።

ምን ይደረግ?

መምህሩ ጥናትን ወደ ክፍል ከማቅረቡ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢመረምር ይበጃል፤ አንደኛ፣ የመለኪያው አሐድ ከጽሑፉና ከሰንጠረዡ ጋር መስማማቱን፤ ሁለተኛ፣ ሌላ ጥናት ተቀራራቢ ውጤት ማግኘቱን፤ ሦስተኛ፣ ጽሑፉ አለመሰረዙን። ተማሪዎችም ይህንኑ ምርመራ ቢለማመዱት ራሱ የሳይንስ ትምህርት ነው።

የዕቅድ ባለሙያው ኃላፊነት ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። የመምህራን ዕድገት በታተሙ ጽሑፎች ብዛት ብቻ የሚመዘን ከሆነ፣ ደራሲው ፈጥኖ ወደሚቀበለው አሳታሚ መሄዱ አይቀርም። ስለሆነም የጽሑፉን ይዘት መመዘን፣ እንዲሁም በአገር ውስጥ መጽሔቶች ለሚሠሩ አርታዒዎችና ገምጋሚዎች በቂ ጊዜና አበል መመደብ ያስፈልጋል። በአርትዖት ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ዋጋው በመጨረሻ የሚከፈለው በመማሪያ ክፍልና በገበታ ላይ ነውና።