ከ«ጊልድ ዋርስ 2» የተባረሩት ጸሐፊዎች፦ የተጫዋቾች ፍርድ ለምን እንደገና ይታይ?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2018 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ቤልቪው ከተማ የሚገኘው የጌም ኩባንያ አሬናኔት ሁለት ጸሐፊዎቹን አባረረ። ጄሲካ ፕራይስና ፒተር ፍራይስ ይባላሉ። ሁለቱም «ጊልድ ዋርስ 2» በተባለው የኦንላይን ጌም ላይ ይሠሩ ነበር። የተባረሩትም በትዊተር በጻፏቸው ጥቂት መስመሮች ምክንያት ነው። ዓመታት ቢያልፉም የጄሲካ ስም በተነሳ ቁጥር የጌሙ ተጫዋቾች ዛሬም ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ተጫዋቾችን ስለናቀች የእጇን አገኘች ይላል፤ ሌላው ግፍ ተፈጸመባት ይላል። ክርክሩ ፈቀቅ ያላለው የተናገረችው ቃልና የተወሰደባት እርምጃ እንደ አንድ ጉዳይ ስለሚታዩ ነው። እኔ ተለይተው መመዘን አለባቸው ባይ ነኝ።

«ጊልድ ዋርስ 2» እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 የወጣ፣ እጅግ ብዙ ሰው በኢንተርኔት ተገናኝቶ በአንድ ዓለም ውስጥ የሚጫወተው ጌም ነው። ወርኃዊ ክፍያ የለውም። ኩባንያው የሚኖረው ተጫዋቹ በየጊዜው እየተመለሰ አዳዲስ ምዕራፎችንና በጌሙ ውስጥ የሚሸጡ ዕቃዎችን ሲገዛ ነው። ስለዚህ የተጫዋች ቅያሜ በቀጥታ ኪሱን ይነካዋል።

የጄሲካ ጽሑፍ ሲጀመር ስለ ሙያዋ የቀረበ ማብራሪያ ነበር። አንድ ሰው ለብቻው በሚጫወተው ጌም ጸሐፊው ዋናውን ገጸ ባሕርይ እንደፈለገ ሊቀርጸው ይችላል፤ ቁጡ ወይም ቀልደኛ ቢያደርገው ከልካይ የለውም። በኦንላይን ጌም ግን ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚፈጥረው ተጫዋቹ ራሱ ነው። በ«ጊልድ ዋርስ 2» እያንዳንዱ ተጫዋች ከአምስት ዘሮች አንዱን መርጦ ይጀምራል፤ አንዱ ሰው ይሆናል፣ ሌላው ባለ ቀንዱን ተዋጊ ቻርን ይመርጣል፣ ሌላው ደግሞ ከዕፅዋት የተገኘ ሲልቫሪ ይሆናል። ለእነዚህ ሁሉ የሚስማማ ንግግር መጻፍ ከባድ ነው። ጸሐፊው ለጀግናው ጠባይ በጨመረ ቁጥር «የእኔ ጀግና እንዲህ አይናገርም» የሚል ተጫዋች ይመጣል፤ ጠባዩን በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ጀግናው ባዶ ይሆናል። ጄሲካ በተከታታይ ጽሑፎቿ ያስረዳችው ይህን ጭንቅ ነበር። ስለ ጌም አጻጻፍ የሚያስብ ሰው ዛሬም ቢያነበው የሚጠቀምበት ነገር ነው፤ የሚታወሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው።

ጌሙን እየተጫወተ በቀጥታ የሚያሳይ፣ የኩባንያው አጋር የሆነ አንድ ስትሪመር የተለየ ሐሳብ አቀረበ። ጽሑፏን አመስግኖ፣ ተጫዋቹ ከተለያዩ መልሶች እንዲመርጥ ቢደረግ ችግሩ ሊቀል እንደሚችል ጻፈ። ጄሲካ ተቆጣች። አብሯት የማይሠራ ሰው ሥራዋን ሊያስተምራት እንደተነሳ፣ ይህም የሴት ጌም ሠሪዎች ዕጣ እንደሆነ ጻፈች። አሥር ዓመት በሙያው ቆይታ ስለ አማራጭ ንግግር እንዳልሰማች ቆጥሮ ሊነግራት የሚመጣውን ሁሉ ወዲያው እንደምትዘጋም ከስድብ ጋር አስጠነቀቀች። ፒተር ደግሞ አስተያየት ስጡኝ እንዳላለች አስታውሶ ለባልደረባው ቆመ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ ወዲያው ተዛመተ፤ የተቆጡ ተጫዋቾችም ኩባንያው እርምጃ እንዲወስድ ወተወቱ።

የአሬናኔት ፕሬዚዳንት ማይክ ኦብራየን፣ ሁለቱ ሠራተኞች በተጫዋቾች ላይ የሰነዘሩት ጥቃት ተቀባይነት እንደሌለው ገልጾ ከኩባንያው መውጣታቸውን አስታወቀ። በዋሽንግተን ግዛት፣ እንደ አብዛኛው አሜሪካ ሁሉ፣ ምክንያቱ በሕግ የተከለከለ ካልሆነ በቀር አሠሪ ሠራተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ሕጉ ይህን ቢፈቅድም፣ ጄሲካ የጻፈችው በግል ገጿ ነበር። በኋላ ለጋዜጠኞች እንደተናገረችው ግን ኦብራየን ጌም ሠሪዎች የደንበኞቹ ወዳጅ መሆን አለባቸው፣ በግል ገጻቸው ጭምር ብሏታል።

የፒተር ጉዳይ ከሁሉ በላይ ይከነክነኛል። ከአሥር ዓመት በላይ በአሬናኔት ሠርቷል፤ ለባልደረባው ሲቆም የጻፈው በጨዋ ቋንቋ ነው። ቅጣቱ ለስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ባልነካው ነበር። ስለ ጄሲካ አንደበት ሌት ተቀን የሚከራከሩ ተጫዋቾች ፒተርን ይዘነጉታል። እሱን የዘነጋ ሰው ደግሞ ኩባንያው በዚያ ቀን ምን እንደወሰነ በትክክል ሊያይ አይችልም።

ውሳኔው በአሬናኔት ግቢ ብቻ አልቀረም። በቀጣዮቹ ቀናት በሌሎች ኩባንያዎች የሚሠሩ ሴቶች እንዲባረሩ የሚጠይቁ መልእክቶች ለአሠሪዎቻቸው መላካቸው ተዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2014 «ጌመርጌት» በተባለው ዘመቻ ሴት ጌም ሠሪዎች የግድያ ዛቻ ሲዘንብባቸው ላዩ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ጩኸቱ እንደሚሠራ መረጋገጡ ነው። ዓለም አቀፉ የጌም ገንቢዎች ማኅበርም ኩባንያዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ረገድ ከሠራተኞቻቸው የሚጠብቁትን በግልጽ እንዲያሳውቁ አሳሰበ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የጄሲካን ቅሬታ በሌላ ዓይን እንድናይ ያስገድዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የካሊፎርኒያ ግዛት የጌም ኩባንያውን አክቲቪዥን ብሊዛርድን በጾታ አድልዎና በትንኮሳ ከሰሰ፤ በዚያው ዓመት ሌላው የጌም ኩባንያ ራየት ጌምስ ከሴት ሠራተኞቹ ጋር የነበረውን ክስ በ100 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ። ጄሲካም በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ፣ ከአሬናኔት በፊት ትሠራበት በነበረው ፓይዞ በተባለ ኩባንያ ስለነበረው የሠራተኞች አያያዝ በይፋ ተናገረች። ከእሷ ሌላም ቅሬታ ያሰሙ ነበሩ። በተከታዩ ወር የፓይዞ ሠራተኞች ማኅበር መሠረቱ፤ ኩባንያውም ዕውቅና ሰጣቸው። አሬናኔት ራሱ በፌብሩዋሪ 2019 ባደረገው ቅነሳ 143 ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። ከእነዚህ አንዳቸውም የወጡት ተጫዋች አስቀይማችኋል ተብለው አልነበረም። ኦብራየንም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ኩባንያውን ለቀቀ።

ይህ ሁሉ ጄሲካ የተናገረችውን አያጠራም። ስትሪመሩ በአክብሮት ነው የመጣው፤ የተሰጠው መልስ አይገባውም ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ በሜይ 2018 ታዋቂው የጌም ተንታኝ ጆን ቤይን ሲሞት የጻፈችው ጭካኔ የተሞላበት አስተያየት ብዙዎችን አሳዝኗል፤ ቂሙም እስከ ጁላይ አልበረደም። ይህን የሚያነሱ ተጫዋቾች እውነት አላቸው። ለአንደበት ጥፋት ግን ወቀሳ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ይቅርታ አለ። እንጀራ ማሳጣት ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ እርምጃ ነው፤ አሬናኔት ግን የጀመረው ከእሱ ነው።

ስለዚህ የጌሙ ተጫዋቾች ሆይ፣ ጄሲካን በቃሏ መውቀስ መብታችሁ ነው፤ መባረሯን ግን የዚያ ወቀሳ ማረጋገጫ አታድርጉት። ስለ መባረሩ የወሰነውን ኩባንያ ጠይቁ። ፒተር ፍራይስን በተመለከተ ደግሞ የሚያከራክር ነገር የለም፤ የተባረረው ያለ ጥፋቱ ነው።