ከባዮጋዝ ውስጥ የሚሸተውን የድኝ ጋዝ በዛገ ብረት ማስወገድ

መግቢያ

ባዮጋዝ ወደ አገራችን የገባው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በተሠራ ማብላያ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም አማካይነት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው ደቡብ ክልል በርካታ የገበሬ ቤተሰቦች ማብላያ አሠርተዋል። ተጠቃሚዎች ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች መካከል የጋዙ መጥፎ ሽታና የምድጃው ቶሎ መበላት ይገኙበታል። ይህ ጽሑፍ ችግሩን በቀላል ዘዴ ለማቃለል፣ እንዲሁም ሽታው ከተወገደ በኋላ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ለማሳወቅ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው።

1. ሽታው ከምን ይመጣል?

በእበትና በሽንት ውስጥ ጥቂት ድኝ አለ። እበቱ አየር በሌለበት ማብላያ ውስጥ ሲብላላ ደቃቅ ሕዋሳት ድኙን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደሚባል ጋዝ ይለውጡታል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ይኸው ነው። ከባዮጋዝ ውስጥ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የሚነደው ሚቴን ሲሆን፣ ቀሪው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አብዛኛውን ጊዜ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ጉዳቱ ግን ከመጠኑ በላይ ነው።

2. ጉዳቱ

ሀ/ በዕቃ ላይ፦ ከርጥበት ጋር ሆኖ ብረትና መዳብ ይበላል። ሲቃጠል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ ዐይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፤ ከውሃ ጋር ሲገናኝም አሲድ ይፈጥራል። በባዮጋዝ የሚሠራ ሞተር ካለ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል።

ለ/ በሰው ላይ፦ በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 1 እጅ ሳይሞላ ይሸታል። 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ከ500 እጅ በላይ ሲሆን ራስን ያስታል፣ ይገድላልም። ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድ ውስጥ ይተኛል።

3. የዛገ ብረት እንዴት ያጣራል?

በአውሮፓ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣውን የከተማ መብራት ጋዝ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በብረት ዝገት ያጣሩት ነበር። ጋዙ በዝገቱ ውስጥ ሲያልፍ ድኙ ከብረቱ ጋር ይያያዛል፤ ቀዩም ዝገት ይጠቁራል። የጠቆረው ብረት አየር ሲያገኝ እንደገና ወደ ዝገትነት ይመለሳል፤ ድኙም በላዩ ይቀራል። ስለዚህ ድኙ ብረቱን እስኪሸፍነው ድረስ ደጋግሞ ያገለግላል።

4. የማጣሪያው አሠራር

ሀ/ ከቶርኖ ቤት የብረት ፍቅፋቂ ማምጣትና ዘይቱ እስኪለቅ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ማጠብ።

ለ/ በሰፊው አስጥቶ በየቀኑ ውሃ እየረጩ በደንብ እስኪዝግ መጠበቅ።

ሐ/ ጋዝ እንዲያሳልፍ ከሳጋቱራ ጋር ቀላቅሎ፣ ጥቂት አርጥቦ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሳይጠቀጥቁ መሙላት።

መ/ ቱቦውን ማቆም፤ ጋዙ ከታች ገብቶ ከላይ እንዲወጣ ማድረግ፤ በፊትና በኋላ ቫልቭ መግጠም።

በስሌት 1 ኪሎ ግራም ንጹሕ የብረት ኦክሳይድ 640 ግራም ያህል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይይዛል። በቀን 2 ሜትር ኩብ ጋዝ የሚሰጥ ማብላያ፣ ከጋዙ 0.2 በመቶው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ቢሆን፣ በቀን 6 ግራም ገደማ ያወጣል። ይህም ለ100 ቀን ያህል ይበቃል ማለት ነው። በተግባር ግን ሁሉም ዝገት ስለማይሠራ በየወሩ መመርመር ይገባል። ለምርመራው የተወለወለ የመዳብ ሽቦ ከማጣሪያው በሚወጣው ጋዝ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ቶሎ ከጠቆረ ማጣሪያው ደክሟል።

5. ማጣሪያውን ማደስ

በሁለቱም በኩል ያለውን ቫልቭ ዘግቶ፣ እሳት በሌለበት ደጅ ቱቦውን መክፈት። የጠቆረው ብረት አየር ሲያገኝ ይግላል፤ ሊቀጣጠልም ይችላል። ስለዚህ ከቤት፣ ከጭድና ከድርቆሽ አርቆ በስሱ ማስጣትና ውሃ እየረጩ እስኪቀላ መተው ያስፈልጋል። ያረጀውን ከውሃ ጉድጓድና ከወንዝ አርቆ መቅበር ይገባል።

6. ሽታው ከጠፋ በኋላ

ሚቴንም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሽታ የላቸውም። እስካሁን ጋዝ ሲያፈስ ባለቤቲቱን የሚያስጠነቅቃት የድኙ ሽታ ነበር። ማጣሪያው ሲገጠም ይህ ጠባቂ አብሮ ይወገዳል፤ ጋዙ ቤት ውስጥ ቢጠራቀምና ክብሪት ቢጫር አስቀድሞ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ማጣሪያ የሚገጥም ሁሉ በየወሩና ቱቦው በተከፈተ ቁጥር መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ መፈተሽ አለበት። አረፋው ከተንቦቀቦቀ ጋዙ ያፈሳል። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ማጣሪያው የሚያጠራው በቱቦ የሚያልፈውን ጋዝ ብቻ እንጂ ጉድጓዱን አይደለም። አልሸተተም ተብሎ ማንም ሰው ወደ ማብላያው ወይም ወደ ዝቃጭ መውጫው መግባት የለበትም። ሰው ቢወድቅ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሕይወት ማጥፋት ነው፤ በውጭ ሆኖ በገመድ ለመሳብ መሞከርና እርዳታ መጥራት ይገባል።

ማሳሰቢያ

የልማት ሠራተኞች ማጣሪያውን ሲያስገጥሙ የሳሙናውን ፍተሻ ለቤቱ እመቤትና ለልጆቹ በተግባር አሳይተው፣ እነርሱም ሲሠሩት አይተው እንዲመለሱ እናሳስባለን።