የጃዝ ጊታር አንገት ሲቀጥን፦ ምቾትና ጥንካሬ

«ሆሎው ቦዲ» በመባል የሚታወቁት፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነና ገጻቸው እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታሮች በጃዝ ተጫዋቾች ዘንድ እስከ ዛሬ ይፈለጋሉ። ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 ለገበያ ያቀረበውና ዕውቁ ጆ ፓስ የተጫወተበት ኢ.ኤስ. 175 ከእነዚህ አንዱ ነው። እጁ ትንሽ የሆነ ተጫዋች ከእነዚህ መካከል አንገቱ ቀጭን የሆነውን ይመርጣል። ይሁን እንጂ ቅጥነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚተምነውም ሻጩ ብቻ ሳይሆን ፊዚክስ ጭምር ነው።

አንገት ምን ይሸከማል?

ለጃዝ የሚመረጡት ወፈር ያሉ ስድስት ክሮች በቅኝታቸው ልክ ሲወጠሩ፣ በድምሩ ወደ 70 ኪሎ ግራም ክብደት የሚጠጋ ኃይል ያሳርፋሉ። ይህ ኃይል አንገቱን ወደ ክሮቹ አቅጣጫ ለማጉበጥ ቀን ከሌት ይስባል። እንጨት ደግሞ ለብዙ ዓመታት ጭነት ሲያርፍበት ቅርጹን ቀስ በቀስ ይለውጣል። በጊብሰን ይሠራ የነበረው ታዲየስ ማክሂዩ በ1923 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ በአንገቱ ውስጥ ተቀብሮ በብሎን የሚጠብቅ የብረት ዘንግ ይህን ስበት ለመመከት አስችሏል። አንገትን ማቅጠን የተቻለውም በአብዛኛው በዚህ ዘንግ ምክንያት ነው።

ጠባብና ስስ

«ቀጭን አንገት» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልላል፤ እነርሱም የወርድ መጥበብና የውፍረት መሳሳት ናቸው። የአንድ ዘንግ መታጠፍን የመቋቋም አቅም ከወርዱ ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል፤ ከውፍረቱ ጋር ግን በሦስተኛ ርቢ ይመጣጠናል። ስለዚህ ወርዱ በ10 በመቶ ቢቀንስ አቅሙ የሚቀንሰው በዚያው በ10 በመቶ ነው። ውፍረቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ ግን 0.9 × 0.9 × 0.9 = 0.729 ስለሚሆን፣ አንገቱ 27 በመቶ የሚሆነውን አቅሙን ያጣል።

የጊብሰን ታሪክ ሁለቱንም ያሳያል። በ1950ዎቹ የተሠሩት አንገቶች በአብዛኛው ወፈር ያሉ ሲሆኑ፣ በ1960 ገደማ የተሠሩት ስስ ናቸው። ከ1965 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ለተወሰኑ ዓመታት በአንገቱ ጫፍ ያለው ወርድ ከ43 ወደ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ጠብቧል። ይህ የኋለኛው ጥንካሬን እምብዛም ባይነካም ክሮቹን ስለሚያቀራርብ፣ ጣቱ ወፍራም ለሆነ ሰው አይመችም።

ሦስተኛው መንገድ

እጅን የሚያስቸግረው ውፍረት ብቻ ላይሆን ይችላል። በ1955 የወጣውና ከቢሊ በርድና ከሃንክ ጋርላንድ ስሞች የተሰየመው በርድላንድ፣ የሚርገበገበው የክሩ ርዝመት 59.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሌሎች ትልልቅ ጊታሮች የተለመደው 64.8 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ክር ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ የሚያስፈልገው ውጥረት ከርዝመቱ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ በበርድላንድ ላይ የሚያርፈው ጭነት በ15 በመቶ ያህል ያንሳል። በመሆኑም ጣቶች ርቀው አይዘረጉም፤ አንገቱም ያርፋል።

ከመግዛት በፊት

በዚያን ዘመን አንገቶች የመጨረሻ ቅርጻቸውን ይይዙ የነበረው በእጅ ስለሆነ፣ በአንድ ዓመት የተሠሩት እንኳ ይለያያሉ። ስለዚህ የምርት ዘመኑን ከመስማት ይልቅ ወርዱንና ውፍረቱን በካሊፐር መለካት ይበጃል። ቀጥሎም ወፍራሙን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከገላው በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ተጭነን፣ በመካከላቸው በሚገኘው ፍሬትና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት እንመልከት። የክፍተቱ መጠን ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። እጅግ ከሰፋ አንገቱ ጎብጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ዘንጉ ገና የሚጠብቅ መሆኑን ባለሙያ እንዲፈትሽ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ዳር ደርሶ ከሆነ ጥገናው ውድ ነው።

ለዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ነውና፣ «ቀጭን ነው ወይ?» ከማለት አስቀድመን «በየትኛው በኩል ነው የቀጠነው?» ብለን እንጠይቅ።