«ፐብ»፦ የአንድ ስያሜ ትርጉም

አንድ ቤት ስሙን ከምን እንደሚያገኝ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት የተሰየሙት በሚሸጥባቸው መጠጥ ነው። እንግሊዞችም ቀድሞ የመጠጥ ቤታቸውን «ኤል» በተባለው ጥንታዊ የቢራ ዓይነት ስም «ኤልሀውስ» ይሉት ነበር። ዛሬ የሚታወቅበት ስም ግን «ፐብ» ነው፤ ይህም «ፐብሊክ ሀውስ» ከሚለው ጥምር ስም ተቆርጦ የቀረ ቃል ነው።

«ፐብሊክ» ሕዝብ፣ «ሀውስ» ደግሞ ቤት ማለት ነው። ሁለቱን ቃላት በቀጥታ ብናዛምዳቸው «የሕዝብ ቤት» የሚል ሐረግ እናገኛለን። ይህ ግን አሳሳች ነው፤ ንብረትነቱ የሕዝብ የሆነ ቤት ያስመስላልና። ፐብ አብዛኛውን ጊዜ የግለሰብ ወይም የድርጅት ንብረት ነው። እዚህ ላይ «ፐብሊክ» የሚያመለክተው የቤቱን ባለቤት ሳይሆን በሩ ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት መሆኑን ነው። ተቃራኒው፣ ሳይጋበዙ የማይገቡበት የግል መኖሪያ ቤት ነው።

ይህን ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1830 የወጣው የቢራ ቤት ሕግ ግልጽ ያደርግልናል። በዚያን ዘመን ጂን የተባለው ብርቱ አረቄ ብዙዎችን ይጎዳ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ወደ ቢራ እንዲመለስ ታሰበ። ስለዚህ ግብር የሚከፍል አባወራ ሁለት ጊኒ ከፍሎ፣ የዳኞችን ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በመኖሪያ ቤቱ ቢራ እንዲሸጥ ተፈቀደለት፤ አረቄ መሸጥ ግን አልተፈቀደለትም። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ቤታቸውን ለጠጪ ከፈቱ። ትናንት የግል የነበረው ቤት ግድግዳው ሳይለወጥ የሕዝብ መግቢያ ሆነ። ይሁን እንጂ ስካርና ሁከት በዛ የሚል ቅሬታ ስለ ተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1869 የወጣ ሕግ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን ለዳኞች መለሰ።

የእኛንም «ቡና ቤት» ተመልከቱ። ስሙ ቡናን ቢጠራም፣ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ቢራና አረቄ የሚሸጥበትን ቤት ነው። እንግዲህ የጥምር ቃል ትርጉም የክፍሎቹ ድምር ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የባዕድ ቃል ስትተረጉሙ «ቃሉ ምን ይላል?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፤ «ተናጋሪዎቹ ምን ለማለት ይጠቀሙበታል?» ብላችሁም ጠይቁ።

መልመጃ
1. «የሕዝብ ቤት» የሚለው ትርጉም ለምን አሳሳች ሆነ? በራሳችሁ አባባል አስረዱ።
2. «ቤት» የሚለው ቃል የሚገኝባቸውን አምስት ጥምር ስሞች ጽፋችሁ፣ እያንዳንዱ ስያሜውን ከምን እንዳገኘ ግለጹ።